የስኳር ውሃና የድንች ቁራጭ፤ የኦስሞሲስ ምርምር ታሪክ ለመምህራን የሚሰጠው ትምህርት

በየቀኑ በዓይን ፊት እየተፈጸሙ ከሰው ልብ የሚሰወሩ ነገሮች ብዙዎች ናቸው። የጎመን ቅጠል ተቀርድዶ ጨው ሲነሰነስበት ውሃ ያወጣል፤ የጠወለገ ሰላጣ በቀዝቃዛ ውሃ ቢነከር ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀና ይላል፤ የተዘለዘለ ሥጋ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ ሲሰቀል ጨው ውሃውን እየሳበ፣ ፀሐይና ነፋስም ሥራውን እየፈጸሙ ቋንጣ ይሆናል፤ የበሰለ ማር በደረቅ ዕቃ ተከድኖ ዓመታት ቢቀመጥ አይበሰብስም። እነዚህን ነገሮች ባለሞያ እመቤት ከእናቷ ተምራ ታውቃቸዋለች። ይሁን እንጂ ለእነዚህ ሁሉ አንድ ምክንያት መኖሩ፣ ያም ምክንያት በቁጥር ሊለካ መቻሉ የታወቀው ከሦስት መቶ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። የዚህ ምርምር ታሪክ ለመምህር የሚሰጠው ትምህርት አለ። ዕውቀቱ ወደ ፊት የተራመደው ተመራማሪዎች በዓይናቸው ያዩትን ቁጥር ያላንዳች ማሻሻያ ለመጻፍ በደፈሩ ጊዜ ነውና። ከዚህ ቀጥሎ የሚነገሩት የአውሮፓ ሊቃውንት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ መግለጽ ይገባል። የዕፅዋት ሥጋ ከብዙ ሕዋሳት የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ በስስ ቆዳ ተከቧል፤ ከቆዳው ውጭ ደግሞ ጠንካራ ግድግዳ አለው። ስሱ ቆዳ ውሃን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ስኳርን ግን በእጅጉ ይከለክላል። ስለዚህ ቀጭን የስኳር ውሃና ወፍራም የስኳር ውሃ እንዲህ ባለው ቆዳ ተለያይተው ቢቀመጡ፣ ውሃው ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ያልፋል። ይህ የውሃ መተላለፍ ኦስሞሲስ ይባላል። አንድ የድንች ቁራጭ በንጹሕ ውሃ ቢነከር ውሃ ጠጥቶ ይጠነክራል፤ ክብደቱም ይጨምራል። በወፍራም የስኳር ውሃ ቢነከር ግን ውሃውን አጥቶ ይለሰልሳል፤ ክብደቱም ይቀንሳል። በሁለቱ መካከል ቁራጩ ሳይጨምርም ሳይቀንስም የሚቆይበት አንድ የስኳር መጠን አለ። የዚህ ጽሑፍ ታሪክ ወደዚያች የመካከል ነጥብ የተደረገው ረጅም ጉዞ ታሪክ ነው።

በ1748 ዣን አንቷን ኖሌ የተባለ ፈረንሳዊ የቤተ ክህነት ሰውና የፊዚክስ መምህር አንድ ብልቃጥ በአልኮል ሞልቶ አፉን በእንስሳ ፊኛ ሸፈነና በውሃ ውስጥ አኖረው። ፍላጎቱ አልኮሉ ከአየር እንዳይገናኝ ለመጠበቅ ብቻ ነበር። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ግን ፊኛው ወደ ላይ አብጦ ተወጥሮ አገኘው፤ በመርፌ ቢወጋው ፈሳሹ ፈንጥቆ ወጣ። ኖሌ ነገሩን አልናቀውም። ዕቃውን ለውጦ አልኮሉን በውጭ፣ ውሃውን በውስጥ አድርጎ ሞከረው፤ በዚህ ጊዜ ፊኛው ወደ ውስጥ ሰረጐደ። በዚህም ፊኛው ከአልኮል ይልቅ ውሃን አብልጦ እንደሚያሳልፍ ተረዳ። ያልፈለገውን ነገር አይቶ ያየውን መዝግቧልና የምርምሩ መጀመሪያ ሆነ።

ከኖሌ በኋላ ሰማንያ ዓመት ያህል ነገሩ ብዙም ሳይገፋ ቆየ። ከዚያም አንሪ ዱትሮሼ ተነሣ። ዱትሮሼ በናፖሊዮን ጦር ውስጥ በስፔን ያገለገለ ሐኪም ነበር፤ በዚያም በጽኑ ታሞ ከሥራው ተሰናበተና በቱሬን አገር በቤተሰቡ ርስት ተቀምጦ ዕፅዋትንና እንስሳትን ይመረምር ጀመር። የሠራበት መሣሪያ ቀላል ነበር፤ አፉ በፊኛ የተወጠረ የመስተዋት ዕቃና በላዩ ቀጥ ብሎ የቆመ ቀጭን ቱቦ ነው። በዕቃው ውስጥ የስኳር ውሃ ጨምሮ ከንጹሕ ውሃ ሲያኖረው ፈሳሹ በቱቦው ውስጥ ወደ ላይ ሲወጣ አየ። ስኳሩን ባወፈረው መጠን የግፊቱ ኃይል እየበረታ ሄደ። በ1826ና በ1828 ባወጣቸው ጽሑፎች ወደ ውስጥ ለሚገባው መተላለፍ «አንዶስሞዝ»፣ ወደ ውጭ ለሚወጣው «ኤግዞስሞዝ» የሚል ስም ሰጠ። ስሞቹ መግፋት ከሚለው የግሪክ ቃል የወጡ ናቸው፤ ዛሬ ኦስሞሲስ የሚባለውም ከዚሁ የመጣ ነው። ዱትሮሼ መጀመሪያ ምክንያቱን ለኤሌክትሪክ ኃይል ሰጥቶ ነበር፤ ይህ አሳቡ ትክክል ሳይሆን ቀረ። ልኬቱ ግን ጸንቶ ቆየ። የሰው ማብራሪያ ሊለወጥ ይችላል፤ በታማኝነት የተለካ ነገር ግን ለኋለኛው ትውልድ ውርስ ሆኖ ይቀራል።

ሆኖም የእንስሳ ፊኛ ለጥንቃቄ ሥራ የሚበቃ አልነበረም፤ ስኳሩንም በጥቂት በጥቂቱ ያሳልፍ ነበርና። ይህን ችግር ያቃለለው ሞሪትስ ትራውበ ነው። ትራውበ የወይን ጠጅ ነጋዴ ሆኖ በትርፍ ጊዜው ኬሚስትሪ የሚመራመር ጀርመናዊ ነበር። በ1867 ባወጣው ሥራው ሁለት ፈሳሾች ሲገናኙ በመካከላቸው ራሱን የሚሠራ ስስ ቆዳ አሳየ፤ ከእነዚህም አንዱ ከመዳብ ጨውና ከፖታሲየም ፌሮሲያናይድ የሚገኘው ቡናማ ቆዳ ነው። ይህ ቆዳ ውሃን ያሳልፋል፤ ስኳርን ይከለክላል። ነገር ግን በቀላሉ የሚቀደድ ስለ ነበረ ከባድ ግፊት አይችልም።

ቪልሄልም ፕፌፈር የተባለው የዕፅዋት ሊቅ ለዚህ መላ አገኘለት። ቆዳው ባልተቀባ የሸክላ ዕቃ ግድግዳ ቀዳዳዎች ውስጥ እንዲሠራ አደረገ። ሸክላው እንደ ዕፅዋት ሕዋስ ግድግዳ ሆኖ ስሱን ቆዳ ደገፈው። በዕቃው ውስጥ የስኳር ውሃ ሞልቶ አፉን ከግፊት መለኪያ ጋር አጥብቆ አሰረና በውሃ ውስጥ አኖረው። በ1877 ያሳተመው ውጤት እንደሚከተለው ነው። የስኳሩ መጠን ከመቶ 1 ሲሆን ግፊቱ 53.5 ሳንቲ ሜትር ሜርኩሪ ሆነ፤ 2 ሲሆን 101.6፤ 2.74 ሲሆን 151.8፤ 4 ሲሆን 208.2፤ 6 ሲሆን 307.5 ሆነ።

አንባቢ በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ጥቂት ቢቆይ መልካም ነው። እያንዳንዱ ግፊት ለስኳሩ መጠን ቢካፈል የሚገኘው 53.5፣ 50.8፣ 55.4፣ 52.1ና 51.3 ነው። ቁጥሮቹ ይቀራረባሉ፤ ነገር ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ፕፌፈር አምስቱንም አስተካክሎ 53 ሊያደርጋቸው ይችል ነበር፤ ማንም አያውቅበትም ነበር። እርሱ ግን ያገኘውን እንዳገኘው አሳተመ። ከዚህም በላይ ሙቀቱ ከፍ ሲል ግፊቱ በጥቂቱ ከፍ እንደሚል ለክቶ መዘገበ። በዚያን ጊዜ የዚህ ትርጉሙ ምን እንደ ሆነ አልተገለጸም ነበር።

ትርጉሙ የተገለጸው በአምስተርዳም ከተማ ነው። በዚያ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ወጣት ፕሮፌሰሮች ያስተምሩ ነበር፤ አንደኛው የዕፅዋት ሊቅ ሁጎ ደ ፍሪስ፣ ሁለተኛው የኬሚስትሪ ሊቅ ያኮቡስ ቫንት ሆፍ። ደ ፍሪስ አስቀድሞ ስለ ድንችና ስለ ስኳር ሥር በጀርመን አገር የእርሻ ጥናት የጻፈ ሰው ነበር። በ1884 ያወጣው ሥራው የሕያው ሕዋስን ራሱን መለኪያ አደረገ። ሐምራዊ ቀለም ካላቸው ቅጠሎች ስስ ልጣጭ እየላጠ ውፍረታቸው ደረጃ በደረጃ በሚለያይ ፈሳሾች ውስጥ አኖረ፤ በማይክሮስኮፕም ተመለከተ። ፈሳሹ በወፈረ ጊዜ የሕዋሱ ውስጠኛ ክፍል ውሃ አጥቶ ይኮማተርና ከግድግዳው ይለያል፤ ቀለሙ ሐምራዊ ስለ ሆነ መለየቱ በግልጽ ይታያል። ደ ፍሪስ መለየት ገና የሚጀምርበትን መጠን በመፈለግ የልዩ ልዩ ፈሳሾችን የመሳብ ኃይል አነጻጸረ። በዚህም ቁጥራቸው እኩል ከሆነ የስኳርና የፖታሲየም ናይትሬት ቅንጣቶች ውስጥ ናይትሬቱ የአንድ ጊዜ ተኩል ያህል ኃይል እንዳለው አገኘ። ምክንያቱ በ1887 ተገለጸ፤ ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ እንዲህ ያለው ጨው በውሃ ውስጥ ሲሟሟ ቅንጣቶቹ እንደሚከፈሉ አስረዳ። ስኳር ግን ሲሟሟ አይከፈልም።

የፕፌፈርን ቁጥሮች ለቫንት ሆፍ የነገረው ይኸው ባልደረባው ደ ፍሪስ ነበር። ቫንት ሆፍ ቁጥሮቹን ሲመረምር አንድ ድንቅ ነገር አስተዋለ፤ በውሃ የተሟሟ ስኳር የሚያሳየው ግፊት ያው የስኳር ቅንጣት ብዛት ጋዝ ሆኖ በዚያው ስፍራና በዚያው ሙቀት ቢገኝ ሊያሳይ ከሚችለው ግፊት ጋር እኩል ነው። በዚህ ሕግ መሠረት በሊትር 10 ግራም ያህል ስኳር ያለበት ውሃ በ14 ዲግሪ ሙቀት ሊያሳይ የሚገባው ግፊት ቢሰላ 52 ሳንቲ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይሆናል፤ ፕፌፈር በሸክላ ዕቃው የለካው 53.5 ነበር። ቫንት ሆፍ አሳቡን በ1885 አቀረበ፤ በ1887 በሰፊው ታወቀ። በ1901 የኖቤል ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የኬሚስትሪው ተሸላሚ እርሱ ሆነ። ያልተስተካከሉት አምስት ቁጥሮች በዚህ ዓይነት የአንድ ታላቅ ሕግ መሠረት ሆኑ።

ምርምሩ በዚያ አላበቃም። በ1960 ስላታየርና ቴይለር የተባሉ ሊቃውንት የዕፅዋትን ውሃ የመሳብ ሁኔታ ለመግለጽ «የውሃ ፖቴንሻል» የሚለውን መለኪያ አቀረቡ፤ ዛሬ በትምህርት መጻሕፍት የሚገኘው ይኸው ነው። ውሃ በሕዋስ ቆዳ ውስጥ እንዴት በፍጥነት ሊያልፍ እንደሚችልም አሜሪካዊው ፒተር አግሬና ባልደረቦቹ በ1992 ገለጡ፤ ውሃን ብቻ ለይቶ የሚያሳልፍ ጥቃቅን የፕሮቲን ቦይ አገኙ። አግሬ ለዚህ በ2003 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ።

ለዚህ ምርምር የሚያስፈልጉት ሁለቱ ነገሮች፣ ድንችና ስኳር፣ በኢትዮጵያም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ድንችን በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወደ አገሩ ያስገባው በሰሜን ኢትዮጵያ ብዙ ዘመን የኖረው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር እንደ ሆነ ይነገራል። የስኳር ፋብሪካ ደግሞ በ1946 ዓ.ም. በወንጂ ሥራ ጀመረ። ያቋቋመው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ነበር። የኩባንያው መነሻ ያው ደ ፍሪስና ቫንት ሆፍ ያስተማሩባት የአምስተርዳም ከተማ መሆኗ የሚያስገርም አጋጣሚ ነው። ከዚያ ወዲህ ስኳር በየሱቁ፣ ድንችም በየገበያው የሚገኝ ነገር ሆነ። ስለዚህ ለሙከራው የሚያስፈልገው ዕቃ ወደ ተማሪው ደጃፍ ከመጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የቀረው ዕቃው ከተማሪው እጅ መግባቱ ነው።

ይህ ጥያቄ ጎልቶ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ ሞያሌ ነው። በ1907 ኢትዮጵያና እንግሊዝ የወሰን ስምምነት ካደረጉ ወዲህ ድንበሩ በዚያ አገር ያልፋል፤ ሞያሌም በሁለት መንግሥታት ሥር ያለች ከተማ ሆናለች። በኬንያ በኩል በማርሳቢት ካውንቲ በሞያሌ ክልል የምትገኘው ኦቦ የከብት አርቢዎች አገር ናት። በድንበሩ ወዲያና ወዲህ ያለው የቦረና ሕዝብ በአንድ ቋንቋ ይነጋገራል፤ አንድ ዓይነት ድርቅ ይፈራል፤ አንድ ዓይነት ዝናብ ይጠብቃል። የጨውን ጠባይም አሳምሮ ያውቃል፤ በኢትዮጵያ በኩል በዱቡሉቅ አጠገብ ካለው ከኤል ሶድ ጥልቅ ጉድጓድ ሰዎች ከጨዋማው ውሃ ሥር የሚያወጡት ጨው በአህያ ተጭኖ ለከብቱ ሲዳረስ የኖረ ነው። የዚህ አገር ልጅ ውሃ ሕይወት መሆኑን ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም። ውሃ ለምን ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ እንደሚሄድ ግን ከትምህርት ቤት ሊማር ይገባዋል።

በድንበሩ ሁለት ወገን ያሉት የትምህርት ሥርዓቶች በዚህ ነገር ይለያያሉ። በኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ ፈተና፣ በ1989 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው፣ የባዮሎጂ ትምህርት ሦስት ወረቀቶች አሉት፤ ሦስተኛው የተግባር ፈተና ነው። ተማሪው በፊቱ የተቀመጠውን ነገር ራሱ ቆርጦ፣ ለክቶና አይቶ ይጽፋል። በኢትዮጵያ በኩል ብሔራዊው የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪው ከተሰጡት መልሶች አንዱን የሚመርጥበት ነው። በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት አጋማሽ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚሰጥ ትምህርት በተጀመረ ጊዜ፣ ሙከራዎች በጥሩ ሁኔታ ተቀርጸው ይታዩ ነበር። ለብዙ ተማሪዎች ያላዩትን ዕቃ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ከክፍለ ጊዜው አብዛኛው በምስሉ ስለሚያልቅ ተማሪው በገዛ እጁ የሚለካበት ጊዜ ጠባብ ነበር። የሌላ ሰው ድንች ሲለሰልስ ማየት የራስን ድንች ዳስሶ እንደማወቅ አይሆንም።

ነገር ግን የተግባር ፈተና መኖሩ ብቻውን መድኅን ነው ማለት አይቻልም። ተማሪው የሚጠበቀውን መልስ አስቀድሞ በቃሉ አጥንቶ ድንቹን ሳያይ ሊጽፍ ይችላል። እንዲህ ከሆነ በእጁ ምላጭ ይዞም ቢሆን የሠራው የቃል ጥናት ነው። ስለዚህ ቁም ነገሩ ያለው በመምህሩ ልማድ ነው፤ መምህሩ ተማሪውን «መጽሐፉ ምን ይላል?» ብሎ ከመጠየቁ አስቀድሞ «ምን አየህ? ስንት ሆነ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ሙከራውን ያለ ሙሉ ላቦራቶሪ መሥራት የሚቻል መሆኑን ማስረዳት ይጠቅማል። ግማሽ ኪሎ ስኳር በውሃ ሟሙቶ ጠቅላላ መጠኑ 1 ሊትር ከ460 ሚሊ ሊትር እንዲሆን ውሃ ቢሞላበት፣ በየሊትሩ 1 ሞል፣ ማለት 342 ግራም ስኳር ያለበት ይሆናል። የታሸገው ስኳር ራሱ የተመዘነ ስለ ሆነ የግራም ሚዛን አያስፈልግም። ከዚህ አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቢቀላቀል 0.1 ሞል፣ ሁለት እጅ ከስምንት ጋር 0.2፣ ሦስት እጅ ከሰባት ጋር 0.3፣ እንዲሁም እያለ እስከ 0.5 ይደርሳል። ስድስተኛው ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ይሆናል። በየብርጭቆው 100 ሚሊ ሊትር ቢደረግ ለአንድ ቡድን የሚወጣው ስኳር 51 ግራም ብቻ ስለ ሆነ፣ ግማሹ ኪሎ ለዘጠኝ ቡድን ይበቃል።

ድንቹ ተልጦ ከአንዱ ድንች እኩል የሆኑ ቁራጮች ይቆረጣሉ። እያንዳንዳቸው አስቀድመው ይመዘናሉ፤ ከጧት እስከ ከሰዓት በኋላ በተከደነ ብርጭቆ ከቆዩ በኋላ በጨርቅ ወይም በወረቀት ሳይጨመቁ ተጠርገው እንደገና ይመዘናሉ። ለውጡ ከመቶ ስንት እንደ ሆነ መሰላት አለበት፤ 4 ግራም የነበረ ቁራጭ 4.4 ቢሆን ከመቶ 10 ጨመረ፤ 5 ግራም የነበረው 5.4 ቢሆን ከመቶ 8 ብቻ ጨመረ፤ የግራሙ ጭማሪ ግን በሁለቱም እኩል ነው። ሚዛን በሌለበት ትምህርት ቤት ማስመሪያ ይበቃል። የአንድ ቁራጭ ርዝመት ለውጥ ጥቂት ስለ ሆነ፣ 50 ሚሊ ሜትር የሆኑ አምስት ቁራጮች ጫፍ ለጫፍ ተደርድረው ቢለኩ ለውጡ ተደምሮ በግልጽ ይታያል።

ውጤቱ በሠንጠረዥና በመስመር ሲገለጽ መስመሩ ከጭማሪ ወደ ቅነሳ የሚያልፍበት ነጥብ ይገኛል። ለድንች ይህ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ በ0.2ና በ0.4 ሞል መካከል ነው። 0.3 ቢሆን በቫንት ሆፍ ሕግ መሠረት ከ7 ከባቢ አየር የሚበልጥ ግፊት ነው፤ ይህም በሞያሌ መንገድ ከሚያልፍ የቤት መኪና ጎማ ግፊት ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ጸጥ ብሎ በተቀመጠ ድንች ውስጥ ይህን ያህል ኃይል መኖሩን በራሱ ስሌት ያገኘ ተማሪ ነገሩን አይረሳውም። እዚህ ላይ መምህሩ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። በክብደት የሚገኘው ነጥብ ደ ፍሪስ በማይክሮስኮፕ ከፈለገው ነጥብ ጋር አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ድንቹ በዚያ ሰዓት ውሃ የሚስብበትን ኃይል ያሳያል፤ ሁለተኛው የሕዋሱ ፈሳሽ ራሱ ምን ያህል እንደ ወፈረ ያመለክታል። ድንቹ ውሃ የጠገበ እንደ ሆነ ሁለቱ ይራራቃሉ።

አንዱ ቡድን 0.24፣ ሌላው 0.33 ሊያገኝ ይችላል። የድንቹ ዘር፣ የቆየበት ጊዜና የተቀመጠበት ስፍራ ስለሚለያይ ይህ ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ተማሪው የጎረቤቱን ቁጥር አይቶ የራሱን ሲፍቅ፣ ወይም መምህሩ «ትክክለኛው 0.3 ነው» ብሎ ሲያስፍቀው ነው። ያን ጊዜ ተማሪው የሚማረው ዓይኑን እንዳያምን ነው። እንዲህ ሆኖ ያደገ ሰው ኋላ በሆስፒታል የበሽተኛ ሙቀት ሲለካ፣ በእርሻ ቢሮ የምርት መጠን ሲመዘግብ፣ በመሥሪያ ቤት ሒሳብ ሲጽፍ አለቃው የሚወደውን ቁጥር ቢጽፍ ሊያስደንቅ አይገባም። የተፋቀ ቁጥር መጀመሪያ የሚለመደው በትምህርት ቤት ደብተር ላይ ነውና።

ኖሌ ያልፈለገውን አይቶ መዘገበ፤ ዱትሮሼ ምክንያቱን ቢስት ልኬቱን አልሳተም፤ ትራውበ ከንግዱ በተረፈ ጊዜ ተመራመረ፤ ፕፌፈር የማይስተካከሉ ቁጥሮቹን እንደ ነበሩ ለዓለም ሰጠ። በኦቦም ሆነ በሞያሌ፣ በወሰኑ በየትኛውም ወገን፣ ድንችና ስኳር ይዞ ወደ ክፍል የሚገባ መምህር የእነዚህ ሰዎች ሥራ ተካፋይ ነው። ተማሪዎቹ ሁሉ ተመራማሪዎች አይሆኑ ይሆናል። ነገር ግን አንዲት ልጅ በደብተሯ ላይ 0.27 ብላ ጽፋ ጓደኞቿ ሁሉ 0.3 በጻፉ ጊዜ፣ መምህሯ ቁጥሯን ሳይሰርዝ «እንዴት እንዳገኘሽው አስረጂን» ቢላት፣ በዚያ ክፍል ሳይንስ ተምረዋል ማለት ይቻላል።